ላይቭ ልንገባ ነው

ሞያሌ ላይ ዕቃ ሊገዛ የወጣ ሰው ከ«ስንት ነው?» በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ አለ፤ «በየትኛው በኩል?» የሚል። ከተማችን አንድ ስም ይዛ በሁለት አገር ተኝታለች። ወዲያ ማዶ መኪናው ቀኙን ይዞ ይሄዳል፣ ወዲህ ግራውን። ወዲያ ብር ይቆጠራል፣ ወዲህ ሺሊንግ። ምሳዬን እንጀራ ልብላ ብዬ ወደ ኢትዮጵያ ስሻገር ሰባት ስምንት ዓመት ወጣት እሆናለሁ፤ ሂሳብ ከፍዬ ስመለስ እርጅናዬ ኬላው ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። የምኖረው በኬንያው በኩል ነው። የቤቴ ሶኬት እንግሊዝ ትቶት የሄደው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ቀዳዳ ሲሆን በውስጡ የሚመጣው መብራት ግን ከተማው ለዓመታት ከኢትዮጵያ በኩል ሲገዛው የኖረ ነው። ማታ ስልኬን ስሰካ የኢትዮጵያ መብራት በእንግሊዝ ቀዳዳ አልፎ ወደ ቻይና ባትሪ ይገባል። ፓስፖርት የሚጠይቀው የለም።

ይህን ሁሉ መቁጠር ያስፈለገኝ የእህቴ ልጅ «ላይቭ ልግባ» ስላለ ነው።

ልጁ ከሐዋሳ መጥቶ እኔ ጋ የተጠጋ ነው። ቀን የጭነት መኪና ወረቀት ሲያስጨርስ ይውላል፤ ማታ ኳስ ያያል፤ ካየ በኋላ ደግሞ ስላየው ኳስ እስከ እኩለ ሌሊት ያወራል። ወሬውን የምሰማው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ያውም በነጻ። አንድ ማታ «ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ነገር እኮ በከንቱ እየፈሰሰ ነው» አለኝና ሰው በቀጥታ ስርጭት ምን ምን እንደሚሠራ ይቆጥርልኝ ጀመር። በ2017 ዓ.ም. ለሜቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ በዩቲዩብ ላይቭ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር መሰብሰቡን አነሣ። ወዲህኛው አገር ደግሞ ሰኔ 18 ቀን 2016፣ በናይሮቢ አቆጣጠር በ2024 መሆኑ ነው፣ ወጣቶቹ የፋይናንስ ሕጉን ሊቃወሙ ስልካቸውን እንደ ያዙ ፓርላማ ድረስ መግባታቸውን አስታወሰኝ። እነዚህን ሁለቱን ለማሟሟቂያ ነው ያመጣቸው። ዋናው ነገር የቲክቶኩ አንበሳ ነበር።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። ቲክቶክ ላይ ላይቭ የገባን ሰው የወደደ ተመልካች ስጦታ ይልክለታል። ትንሿ ጽጌረዳ 1 ኮይን ናት፤ አንበሳው 29,999 ኮይን ነው። አንበሳ የሚልክ ሰው ከኪሱ ሦስት አራት መቶ ዶላር ያወጣል፤ ከዚያ ላይ ግማሽ ያህሉን ኩባንያው ያስቀራል። ይህንን ስነግረው ያልሰማ መስሎኝ ደገምኩለት።

«ግማሽ አንበሳም አንበሳ ነው ጋሼ» አለኝ።

«እሺ፣ ምን ምን ያስፈልግሃል?» ስለው ወረቀት ከኪሱ አወጣ። ከላይ ሌንሱ የሚፈታ ካሜራ አለ። ቀጥሎ በክንድ የሚንጠለጠል ትልቅ ማይክ። ቀለሙን የሚቀያይር የግድግዳ መብራት። አረንጓዴ መጋረጃ። ከታች፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት፣ የጌመር ወንበር።

«ወንበሩ ምን ይሠራል?»

«ሁሉም አላቸው እኮ ጋሼ።»

«በርጩማው ምን ሆነ?»

መልስ ስላጣ ወንበሩ ተሰረዘ። በዚያ ዋጋ ሞያሌ ላይ ደህና ፍየል ይገዛል፤ ፍየሏ ደግሞ ቢያንስ ትወልዳለች።

የጀማሪ ዝርዝር ሁሉ አንድ ጠባይ አለው፤ የሚታየው ዕቃ ከላይ፣ የሚሰማው ከታች ይጻፋል። ገልብጠህ ጻፈው አልኩት። አላመነኝም። ማስረጃዬ ግን እሱ ራሱ በየሳምንቱ የሚቀመጥበት ኳስ ቤት ነው። ዲሹ ተበላሽቶ ሥዕሉ ሲቆራረጥ፣ ተጫዋቾቹ ባለ አራት ማዕዘን ሲሆኑ፣ ሰው እያማረረም ቢሆን ይቀመጣል፤ ተንታኙ እስከ ተሰማ ድረስ ኳሱ የት እንዳለ በግምት ይደርስበታል። ድምፁ የጠፋ እንደሆነ ግን ወንበር ይንቀሳቀሳል፣ ፉጨት ይነሣል፣ «ድምፅ! ድምፅ!» ይባላል፣ ባለቤቱ ይሰደባል። ሥዕሉ ጥርት ብሎ እየታየ ነው እኮ! ደብዛዛ ሥዕል ያለው ላይቭ ሰው ሳህን እያጠበም ቢሆን ያዳምጠዋል። ድምፁ የሚያስተጋባውን ግን በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ገፍቶት ይሄዳል።

ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት ሌላ ጣጣ መጣ። ቲክቶክ ላይቭ ለማስገባት በአብዛኛው 1,000 ተከታይና 18 ዓመት ይጠይቃል። ዩቲዩብ በስልክ ለሚያሰራጭ ሰው 50 ሰብስክራይበር ይበቃዋል፤ ዕድሜውን ግን እ.ኤ.አ. ከ2025 አጋማሽ ወዲህ ወደ 16 ከፍ አድርጎታል። ዕድሜው አልቸገረንም። ሰዉ ነው የቸገረን። ካሜራም ማይክም ሳይገዛ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ዕቃ ዘመድ ሆነና ስልክ መደወል ጀመርን። ዱባይ ያሉት ገቡ፣ ሚኒሶታ ያሉት ገቡ። ሐዋሳ ያለችው እናቱ ዕድርተኞቿን ሰብስባ፣ ስማርት ስልክ ያላትን ሁሉ አስጠቅታ አስገባች። ኳስ በቁም ነገር አይተው የማያውቁ እናቶች በአንድ ሳምንት ውስጥ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ትንታኔ ተከታይ ሆነው አደሩ።

ከዚያ ወደ ሱቅ ሄድን። በወዲህኛው በኩል። ኤሌክትሮኒክስ በብዛት ከናይሮቢ ሉቱሊ አቬኑ ነው የሚመጣው፤ ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አስፋልት ከሆነ ወዲህ ዛሬ ማታ አውቶቡስ ላይ የተጫነ ካርቶን ነገ ሱቅ ይደርሳል። ወዲያ ማዶ ደግሞ ከመርካቶ ይመጣል። ድሮ ዋጋ ማወዳደር ቀላል ነበር፤ ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ግን ከኬላው ወዲያ የተጠየቀ ዋጋ ኬላው ወዲህ ሲደረስ አርጅቶ ይገኛል። አንዳንዱ ደግሞ በፓንያ መንገድ፣ በአይጥ መንገድ ማለት ነው፣ በጀርባ በኩል የገባ ዕቃ በርካሽ ልስጥህ ይላል። ያ ዕቃ ሲበላሽ የሚመለስበት ሱቅ እንደሌለው ማሰብ ነው። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ሁለቱ መሪዎች መጥተው በጋራ የመረቁት የአንድ መስኮት ኬላ እያለ ለአንድ ማይክ በቁጥቋጦ መዞር ለእኔ ዓይነቱ ጉልበተ ቢስ አይሆንም።

ባለሱቁ ቡርጂ ነው፤ አማርኛውን ከወዲያ፣ ስዋሂሊውን ከወዲህ፣ ሂሳቡን ከእናቱ የተማረ። ልጁን ገና ሲያየው ምን እንደሚፈልግ ዐወቀና ቢኤም 800 የሚባለውን ማይክ አወጣ። ዕቃው ያምራል። ትልቅ ነው፣ ወርቃማ ቀለበት አለው፣ ክንድና ወንፊት አብሮት ይመጣል። ልጁ ሲይዘው ድምፁ ራሱ ተቀየረ፤ «ጤና ይስጥልኝ የተከበራችሁ» ማለት ጀመረ።

«ይሄ ኤሌክትሪክ ስንት ይፈልጋል?» አልኩት ባለሱቁን።

ሳቀ። «ጋሼ፣ አንተ ዐውቀህ ነው የምትጠይቀው።»

ይህ ዓይነቱ ማይክ በወጉ እንዲሠራ 48 ቮልት ሊሰጠው ይገባል፤ የስልክ ቀዳዳ የሚሰጠው ከሦስት ቮልት ብዙ አይዘልም። መሀል ላይ ሌላ ሳጥን፣ ለሳጥኑ ሌላ ቻርጀር፣ ለቻርጀሩ ሌላ ሶኬት ሊገዛ ነው። ይህ ሁሉ ቢሟላ እንኳ ማይኩ ሆዱ ሰፊ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ይውጣል። የእኛ ቤት ከላይ ቆርቆሮ፣ ከፊት የጭነት መኪና መንገድ፣ ከጎን የአከራይ ዶሮ ነው። ባለ ገመዱ የዘፋኝ ማይክ፣ አፍ ላይ ካልቀረበ በቀር የማይሰማው፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት ይሻል ነበር፤ እሱም ግን ስልክ ላይ በቀጥታ አይሰካም።

የገዛነው ቦያ ቢዋይ ኤም 1 የምትባለውን፣ ደረት ላይ የምትቆነጠጥ ጥቁር ፍሬ ነው። ናይሮቢ ከ2,000 ሺሊንግ ብዙ በማይርቅ ዋጋ ትገኛለች፤ ባለሱቁ የአውቶቡሱን ጨምሮ ሸጠልን፣ ተከራከርን፣ ሻይ አስመጣልን፣ የሻዩን የሚያህል ቀነሰ። ገመዷ 6 ሜትር ነው። ክፍላችን በየትኛውም አቅጣጫ 6 ሜትር የለውም። ገመዱ ላይ ትንሽ ማብሪያ አለች፤ በአንድ ወገን «ካሜራ»፣ በሌላው ወገን «ስልክ» እና «ጠፍቷል» ተብሎ አብሮ ተጽፏል። ለስልክ የሚሠራው ሲጠፋ ነው። የአዝራር ባትሪዋም ለካሜራ እንጂ ለስልክ አታስፈልግም። የእህቴ ልጅ ይህን ማመን አቅቶት እስካሁን ላይቭ ሊገባ ሲል ማብሪያዋን እየነካካ «ጠፍታለች አይደል?» ይለኛል፤ «አዎ» ስለው ደግሞ ይደሰታል።

እዚህ ላይ ለሚገዛ ሰው የምትጠቅም አንዲት ነገር አለች። የማይኩ መሰኪያ ብረት ላይ ጥቁር ቀለበቶች አሉ። ሦስት ከሆኑ ለስልክ የተሠራ ነው፤ ሁለት ከሆኑ ለካሜራ ወይም ለመቅጃ ነው፣ ስልኩ ላይ ብትሰካው ማለፊያ ተሰክቶ ምንም አይሰማም። ሻጩ ሁለቱንም አንድ ሳጥን ውስጥ አድርጎ «ያው ነው» ሊል ይችላል። ያው አይደለም። መነጽር ያለው መነጽሩን ያድርግና ይቁጠር።

ገመድ አልባ የሆኑትን ትንንሾቹንም አየን። ከታች የቻርጀር ቀዳዳ ላይ የሚሰካ መቀበያ አላቸው፣ ሲታዩ ሥልጡን ናቸው። ነገር ግን መቀበያው የቻርጀሩን ቀዳዳ ከያዘ ስልኩ በምን ይሞላል? ከጨዋታ በኋላ የሚጀመር፣ ማለቂያው የማይታወቅ የኳስ ክርክር መሀል ላይ ባትሪ ማለቁ የታወቀ ነው። የልጁ ስልክ ደግሞ ከርካሾቹ የቻይና ስልኮች አንዱ ስለሆነ ክቡ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ አሁንም አለው። አይፎን ያንን ቀዳዳ እ.ኤ.አ. በ2016 ደፍኖታል። ስንት ሺሕ ሺሊንግ የሚበልጥ ስልክ የሌለው ነገር በልጁ ስልክ ላይ በመኖሩ ልጁ አጠገቡ የቆመውን ባለ አይፎን በዝቅታ ዐይን ሲያየው ዕድሜ ልኬን አልረሳም።

የካሜራው ነገር በሱቁ ደጃፍ አለቀ። ሌንሱ የሚፈታ ካሜራ ላይቭ እንዲሄድ በአብዛኛው ኮምፒዩተር ይፈልጋል፣ ኮምፒዩተሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ካፕቸር ካርድ ይፈልጋል፤ ከሁሉም በነጻ የሚገኘው ኦቢኤስ የሚባለው ፕሮግራም ብቻ ነው። ስልኩ ይበቃል። የስልኩ የጀርባ ካሜራ ከፊቱ ካሜራ ብዙውን ጊዜ ይሻላል፤ ግን በጀርባው የሚቀርጽ ሰው የተመልካቹን አስተያየት ማንበብ አይችልም፤ ስለዚህ የእኔ ስልክ አጠገቡ ተቀምጦ አስተያየት ማንበቢያ ሆነ። ይህ በዝርዝሩ ላይ «የአጎት ስልክ» ተብሎ አልተጻፈም እንጂ ዕቃ ነው።

መብራት። ቀን ከሆነ መስኮት ፊት ለፊት መቀመጥ ነው፤ መስኮቱን ጀርባው አድርጎ የተቀመጠ ሰው በሞያሌ ፀሐይ ፊት አልባ ጥላ ይሆናል። እኛ ማታ ስለምንገባ ባለ ቀለበቱን መብራት ገዛን፣ ከማቆሚያው ጋር። ይህ ዕቃ አንድ ምስጢር አለው፤ ቅርብ ሲሆን ነው የሚሠራው። ርቀቱን እጥፍ ብታደርገው ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ስለዚህ ትልቁን ገዝቶ ከማራቅ ትንሹን ገዝቶ ማስጠጋት ርካሽ ነው። መነጽር ያደረገ ሰው ፊት ለፊት ከተቀመጠበት ግን በሁለቱ ዐይኖች ላይ ሁለት ነጭ ቀለበት ይሳላል፤ ወደ ላይና ወደ ጎን ማድረግ ነው። ሥዕሉ ላይ የሚንቀጠቀጥ መስመር ከታየ የካሜራውን ቅንብር ወደ 50 ኸርዝ መለወጥ። ይህች 50 ኬላ የማይለያት ብቸኛ ቁጥር ሳትሆን አትቀርም፤ ወዲያም ወዲህም አንድ ናት።

አሁን ወደ እውነተኛው ወጪ ልምጣ፤ ኔትወርክ።

ማይክ አንዴ ይገዛል። ዳታ ግን በየማታው ይበላል። ሰው ኔትወርኩ ፈጣን መሆኑን ሊያሳየኝ ስልኩን አውጥቶ ሲለካ የሚያሳየኝ ትልቁን ቁጥር ነው፣ ማውረጃውን። ላይቭ ለሚገባ ሰው ያ ቁጥር የሰው ሀብት ነው። የሚፈለገው ከጎኑ ያለው ትንሹ ነው፣ መጫኛው። በ720 ጥራት ሦስት ሜጋቢት በሰከንድ መላክ ለስልክ ተመልካች ይበቃል፤ ግን መስመሩ ልክ ሦስት ከሆነ ትንሽ ሲያዛጋ ላይቩ ይደርቃል፤ እጥፉ ቢኖር ነው የሚመከረው። ሂሳቡን በቡና ስኒ ወረቀት ላይ ሠራሁለት፤ ሦስት ሜጋቢት በ3,600 ሰከንድ ተባዝቶ ለስምንት ሲካፈል በሰዓት 1.35 ጊጋባይት። ልጁ የፈለገው 1080 ነበር፤ እሱ እጥፉን ይበላል፤ መዳፍ በምታህል ስክሪን ላይ ልዩነቱን የሚያይ ተመልካች ካለ ለዐይኑ ምርቃት ይገባዋል። በ720 ተስማማን።

የየትኛው አገር ዳታ? እዚህ ላይ ነው ሞያሌነት የሚጠቅመው። የወዲያኛው ኔትወርክ ወዲህ ይደርሳል፣ የወዲህኛውም ወዲያ። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ እዚህ ከተማ ቅንጦት አይደለም። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ኢትዮጵያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በሁለቱም በኩል አንድ ኩባንያ ያለ ይመስላል፤ ስሙ አንድ ነው፣ ሲሙ ግን ሁለት። የኬንያውን ካርድ በኤምፔሳ እንሞላለን፤ ናይሮቢ ይህን እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምራ ስትሠራበት የኖረች ናት። የኢትዮጵያውን በቴሌብር እናቱ ከሐዋሳ ትልካለች። ልጁ ከእያንዳንዱ ላይቭ በፊት አልጋው ላይ፣ ከአልጋው ሥር፣ በሩ ላይ፣ ግቢው ውስጥ ውሃ ታንከሩ አጠገብ እየቆመ ሁለቱንም ይለካል። አንዳንድ ማታ ኢትዮጵያ ታሸንፋለች፣ አንዳንድ ማታ ኬንያ። ውሃ ታንከሩ አጠገብ ሁለቱም ይሻላሉ፤ ግን እዚያ ዶሮዎቹ አሉ።

ሰዓቱን ማስታወቅ ያስቸግራል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላስቸገረም። «ማታ 4 ሰዓት» ስንል ስዋሂሊ ተናጋሪውም «ሳ ኔ ኡሲኩ» ብሎ እዚያው ሰዓት ላይ ነው የሚያርፈው፤ እነሱም ቀኑን ከንጋት ነው የሚቆጥሩት። ሰዓቱ የሚምታታበት ስልኩ ብቻ ነው፣ 22:00 ይላል። ሚኒሶታ ያሉት ዘመዶች ደግሞ ሥራ ቦታ ከቀኑ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ላይ ተደብቀው ያያሉ።

ስለ ክፍሉ ብዙ አላወራም። ግድግዳው ባዶ ከሆነ ድምፅ ያስተጋባል፤ ለዚህ የሚሸጥ ስፖንጅ አለ፣ እኛ ግን ሁለት ጋቢና አንድ ፍራሽ አቆምን። ከካሜራው በስተጀርባ ስለሆኑ አይታዩም። በካሜራው የሚታየው ግድግዳ ላይ አንድ የማሊያ ሥዕል አለ። ዝናብ ሲዘንብ ቆርቆሮው ከማንም በላይ ይናገራልና ላይቭ የለም፤ ዝናብ እዚህ ብርቅ ስለሆነ የሚቀየም አልተገኘም።

ቻርጀሩስ? ልጁ ከኢትዮጵያ ያመጣው ባለ ሁለት ክብ እግር ቻርጀር አለው። የኬንያው ሶኬት ደግሞ ከላይ ያለው ቀዳዳ ካልተነካ ታች ያሉትን አይከፍትም። እዚህ ከተማ የሚኖር ሁሉ የሚያውቀው ዘዴ የላይኛውን ቀዳዳ በእስክሪብቶ ክዳን ማስከፈት ነው፤ እኔ ቤት ግን ክልክል ነው። አንድ ሰው በትምህርት ቤት ዕቃ እሳት እንዲያስነሣብኝ አልፈልግም፤ መቀየሪያዋ ደግሞ ከአንድ ሳህን እንጀራ አትበልጥም። መብራት ሲጠፋስ? ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ ድረስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄደው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ማርሳቢትን አቋርጦ ያልፋል፤ የእኛን ባለ ቀለበት መብራት ግን አያውቀውም። ስለዚህ ፓወር ባንክ። መብራቱም ስልኩም ከሱ ይጠጣሉ። ስልክ ላይቭ እየሄደ ሲሞላ ይግላል፤ ሽፋኑን ማውለቅና ማራገቢያ ከጎን ማድረግ ነው፣ ማራገቢያው ማይኩን እስካላገኘው።

እንዲህ ሆኖ የመጀመሪያው ማታ ደረሰ። ልጁ በርጩማው ላይ ሸሚዝ ለብሶ ተቀመጠ፤ ከታች ቁምጣ ነው። ማብሪያዋ ጠፍታለች አይደል? ጠፍታለች። ገባ። የመጀመሪያዋ ተመልካች እናቱ ነች። «ከሳህ» ብላ ጻፈች። ሁለተኛዋ የዕድሩ ሊቀመንበር፤ «የማን ልጅ ነው?» ቀስ በቀስ ደርዘን ሞላ። ልጁ ስለ ኦፍሳይድ ማስረዳት ጀመረ፤ ጎሉ መሻር ነበረበት፣ አጥቂው በትከሻው ቀድሟል፣ እያለ። ዕድርተኞቹ አበባ ይልካሉ። መሀል ላይ እናቱ ስልክ ደወለችና ድምፁን ቆረጠችው፤ የምትመለከተውን ልጇን ራት በልቶ እንደ ሆነ ልትጠይቀው ነበር። (ላይቭ ሲገባ ጥሪ መዝጋት፤ ይህ ደግሞ ምንም አያስከፍልም።)

ያኔ በሩ ተንኳኳ።

አከራያችን ቦረና ናት፣ የብዙ ልጆች እናት፤ ግቢው በሙሉ «ማማ» ነው የሚላት። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ቋንቋ ትናገራለች። ከኛ የሚለያት አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ጫጫታውን ልትከለክል መጣች ብዬ ይቅርታ ልጠይቅ ተነሣሁ። እኔን አላየችኝም። ቀጥታ ወደ ልጁ ሄደች።

«ልጄ፣ ያ ኦፍሳይድ አይደለም!»

«ማማ፣ ላይቭ ነኝ...»

«የፈለግኸውን ሁን! ተከላካዩ በዚያ በኩል እግሩን ትቶ ነበር፤ አላየኸውም? በየማታው በግድግዳ በኩል ስሕተት ስታወራ እሰማሃለሁ፤ ዛሬ አልቻልኩም!»

የማይኳ ገመድ እግሯ ሥር ገባ። እሷ ቆማ፣ ልጁ ተቀምጦ፣ በአማርኛና በስዋሂሊ ተያያዙት፤ ሲብስባት ቦረንኛ ትጨምራለች። ተመልካቹ ከደርዘን ወደ መቶ ወጣ። ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ፣ ዘመዳችን ያልሆነ ሰው ሁሉ ገባ። ከናይሮቢ አንዱ «ማማ ትመለስ!» ብሎ ይጽፋል፣ እሷ ገና ሳትሄድ። የእህቴ ልጅ ቀይ ካርድ ቢያሳያትም አልወጣችም። አንበሳ አልመጣም፤ ጽጌረዳ ግን ቆጥሬ መጨረስ አቃተኝ።

ጠዋት ማማ መጥታ የቤት ኪራይ ልትጨምር መሰለኝ፤ ቴሌቪዥን ጣቢያ ከፍታችኋል እያለች በግቢው ስትናገር ሰምቼ ነበር። የመጣችው ግን ስለ ቅዳሜ ልትነጋገር ነው። የሚቀጥለው ጨዋታ በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ ወንበር ራሷ ይዛ እንደምትመጣም ነገረችኝ፤ ደህና ወንበር፣ ባለ መደገፊያ።

ቦያ ሁለት ፍሬ በአንድ ገመድ ላይ ያለበት ማይክም ይሠራል። እሱን ልንገዛ ከልጁ ጋር ወደ ባለሱቁ ተመለስን። ማማና የእህቴ ልጅ እንደ ጥማድ በሬ በአንድ ገመድ ታስረው ሲከራከሩ አስቀድሜ እየታየኝ ሳቄ መጣ። ባለሱቁ ዕቃውን አውርዶ አቧራውን እያራገፈ፣

«ሁለተኛው ለማን ነው ጋሼ?» አለኝ።

«ለአከራያችን። ለማማ።»

እጁ ሳጥኑ ላይ ቆመ። ያውቃታል፤ ማን የማያውቃት አለ።

«ለሷ ማይክ ምን ያደርግላታል? ይልቅ» አለና ወደ ልጁ ዞሮ፣ «ሁለቱንም እሱ ላይ አንጠልጥሉለት።»